የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዲግሪው ያዋጣል ወይ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከተገለጸ ወዲህ ለዚህ ዓምድ የሚደርሱት ደብዳቤዎች ስለ ትዳርና ስለ ቤት ኪራይ መጠየቅ ትተው ስለ ዲግሪ ብቻ የሚጠይቁ ሆነዋል። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል ሦስቱን መርጠን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም በፊደል ብቻ አመልክተን አቅርበናል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሌሎች ብዙዎች የጠየቁትንም ስለሚያጠቃልል ሰፋ ያለውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦ ዕድሜዬ 20 ሲሆን የምኖረው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ሰዓት ውጭ አጎቴ ፍሪጅና ኤር ኮንዲሽነር በሚጠግንበት ቤት እየሠራሁ ነው ያደግሁት። በተፈጥሮ ሳይንስ ተፈትኜ ከ600 331 በማምጣቴ ክልል ውስጥ ወደሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድቤያለሁ። አጎቴ አሁን በወር 9,000 ብር ይከፍለኛል፤ ከቀረሁ ሥራውን አብረን እናሰፋዋለን ይላል። እናቴ ግን ‹የተማረ ይግደለኝ› ከማለት በቀር ሌላ ነገር አትሰማም። የታላቅ እህቴ የምረቃ ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ ከተሰቀለ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እናቴ ከጎኑ ለእኔ ፎቶ የሚሆነውን ሚስማር ከወዲሁ መትታ አስቀምጣለች። እህቴ በማኔጅመንት ብትመረቅም እስከ ዛሬ የምትሠራው የዘመድ ሱቅ ውስጥ ነው። ሚስማሩን ባየሁት ቁጥር ይጨንቀኛል። ለመሆኑ ዲግሪ ዛሬ ያዋጣል?» — ሀ. ተ.፣ ከተክለ ሃይማኖት

መልስ

ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ አንተ እያልኩ ልጻፍልህ። እናትህም አጎትህም ልክ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚናገሩበት ዘመን ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በዲግሪ የሚመረቀው ሰው በጣም ጥቂት ነበር። በደርግ ዘመን ተመራቂውን መንግሥት ራሱ መድቦ ወደ ሥራ ይልከው ስለነበር «ተመርቆ ሥራ ፈታ» የሚለው ወሬ እንደ ዛሬው በየቤቱ አይሰማም ነበር። እናትህ የምታስታውሰው ያንን ተመራቂ ነው፤ ምናልባት በሰፈሯ ደመወዝ ሳይቋረጥበት የኖረው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ዲግሪ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ዲግሪ በዛ ማለት ዲግሪ አይጠየቅም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የሆነው ተቃራኒው ነው። ተመራቂው በበዛ ቁጥር ቀጣሪው ድሮ 12ኛን የጨረሰ ሰው ይሠራው ለነበረው የመዝገብ ቤት፣ የንብረትና የገንዘብ ያዥነት ሥራ ሳይቀር ዲግሪ መጠየቅ ጀመረ። ስለዚህ ዲግሪ መያዝ የሚያስገኘው ጥቅም ሲቀንስ፣ ዲግሪ ማጣት የሚያስከትለው ጉዳት ግን ጨምሯል። «ዲግሪ ዋጋ የለውም» የሚለው ወሬ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው፤ ወሬውን የሚያወሩልህም ብዙውን ጊዜ ዲግሪያቸውን በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ በእጥፍ ፕላስቲክ ጠቅልለው ያስቀመጡ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ደብዳቤህ ውስጥ ቁጥር ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው፤ ይህም ግብርና የጡረታ መዋጮ ሳይቀነስ ነው። አንተ አሁን የምታገኘው 9,000 ብር ነው። ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ስለሚፈጅ በነዚያ 60 ወራት ከአጎትህ ዘንድ የሚቀርብህ ገንዘብ፣ ክፍያህ አንድ ብር ሳይጨምር እንኳ፣ 540,000 ብር ይሆናል። በመነሻ ደመወዙና በአሁኑ ክፍያህ መካከል ያለው ልዩነት 2,500 ብር ነው፤ በዚህ ልዩነት 540,000 ብሩን ለመመለስ 216 ወር፣ ማለትም 18 ዓመት ያስፈልጋል። በተጨማሪም ወጪ መጋራት የሚባለው አለ፤ የምግብና የመኝታው ወጪ እንዲሁም የትምህርቱ ወጪ ከፊሉ ከተመረቅህ በኋላ ከደመወዝህ እየተቆረጠ ይከፈላል። ጥያቄው የመነሻ ደመወዝ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሴን እዚሁ ጨርሼ «ከአጎትህ ጋር ቅር» እልህ ነበር።

ጥያቄው ግን የመነሻ ደመወዝ አይደለም። ልትጠይቅ የሚገባህ ዛሬ የያዝከው ሥራ ከዐሥር ዓመት በኋላ የት ላይ እንደሚቆም ነው። ለዚህ ደግሞ የጥገና ቤታችሁን ከቅርብ ማየት ያስፈልጋል። አጎትህ ሙያውን ሲማር የነበረው ፍሪጅ አሠራሩ ቀላል ነበር፦ ኮምፕሬሰር፣ ኮንደንሰር፣ ካፒላሪ፣ ቴርሞስታት። ጋዙ አር 12 ነበር፤ የሚያፈስሰው ቦታ በሳሙና አረፋ ይፈለጋል፣ በሳልዳቱራ ይደፈናል፣ ቫኪዩም ይደረጋል፣ ጋዝ ይሞላል፣ አለቀ። አር 12 የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እንዲወጣ ሲደረግ በቦታው አር 134ኤ ገባ። አሁን ደግሞ ወደ ቤታችሁ ከሚመጡት አዳዲስ ፍሪጆች ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ አር 600ኤ የሚል ጽሑፍና የእሳት ምልክት ያለበት ቢጫ ሦስት ማዕዘን ተለጥፎባቸዋል። ይህ ጋዝ አይሶቡቴን ነው፤ ይቀጣጠላል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ጋዙን በአግባቡ ሳያስወጣ ሳልዳቱራ የሚለኩስ ሰው በዕድል ብቻ ነው የሚተርፈው። የሚሞላው መጠን በግራም የሚለካ ትንሽ ስለሆነም «በእጄ ስዳስሰው ቀዝቅዟል፣ ይበቃዋል» የሚለው የድሮ ልምድ አያገለግልም፤ በዲጂታል ሚዛን መመዘን አለበት። ኢንቨርተር የሆነው ፍሪጅ ሲመጣ ደግሞ ኮምፕሬሰሩን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ስለሆነ፣ ቦርድ ማንበብ የማይችል ጠጋኝ ደህናውን ኮምፕሬሰር አውጥቶ ሌላ ይገጥምና ፍሪጁ አሁንም አልነሳ ሲለው ደንበኛውን «ነገ ተመለስ» ይለዋል። አጎትህን ጠይቀው፤ ሳይደርስበት አይቀርም።

ከዚህ ከፍ ያለውም ሥራ ከአጠገባችሁ ነው ያለው። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሰንጋ ተራ ብቅ ስትል በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ከፍታ ይዞ ቆሞ ታየዋለህ፤ በዙሪያው ደግሞ የሌሎቹ ባንኮችና የኢንሹራንሶች ሕንፃዎች አሉ። የእነዚህ ሕንፃዎች ማቀዝቀዣ በሥሌት የሚነደፍ፣ በውል የሚጠገንና በጨረታ የሚሰጥ ሥራ ነው። ጨረታ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት «የባለሙያዎቻችሁን የትምህርት ማስረጃ አያይዙ» ሲል አጎትህ ምን ያያይዛል? ፍሪጅ መጠገን የሚችለው እጁ ፖስታ ውስጥ አይገባም። ዲግሪ ለአንተ የሚጠቅምህ ከሱቅህ አውጥቶ ወንበር ላይ እንዲያስቀምጥህ አይደለም፤ ያንኑ ሥራ ይዘህ ወደ ትልቁ ሕንፃ እንድትገባ ነው።

የእኔን ግምት ብቻ አትውሰድ። እኔ ራሴ ከተመረቅሁ በኋላ ለብዙ ወራት አራት ኪሎ፣ ሐውልቱ ፊት ለፊት፣ ከጋዜጣ አከራዮቹ ዘንድ በሳንቲም ጋዜጣ እየተከራየሁ የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ ከርሜያለሁ። ግንብ ላይ ተደርድረን ተቀምጠን፣ ሁላችንም ከመጨረሻው ገጽ ጀምረን ወደ ፊት ነበር የምናነበው፤ ጋዜጣውን ማጠፍ ክልክል ስለነበር ስልክ ቁጥሩን መዳፌ ላይ ነበር የምጽፈው። አሁን ማስታወቂያው በቴሌግራም ስለሚለቀቅ እንደ እኛ ፀሐይ አይመታህም። የሚከተለውን አድርግ፦ ለሦስት ሳምንት ያህል ከሙያህ ጋር የተያያዙ 30 ማስታወቂያዎችን ሰብስብ፤ ኤሌክትሮ ሜካኒካል ቴክኒሺያን፣ የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ፣ ሜካኒካል ኢንጂነር፣ የሕንፃ አስተዳደር የመሳሰሉትን። በደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምርና «ዲግሪ የግድ»፣ «ደረጃ 4 እና ሲኦሲ ይበቃል»፣ «ልምድ ይበቃል» ብለህ ክፈላቸው፤ ደረጃ 4 የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ደረጃ ነው፣ ሲኦሲ ደግሞ የብቃት ምዘና ምስክር ወረቀት። ከዚያ ደመወዙን ሳይሆን «የሥራ ልምድ» የሚለውን መስመር ተመልከት። «ዜሮ ዓመት» የሚለው ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ስትቆጥር እህትህ ለምን የዘመድ ሱቅ ውስጥ እንደቆየች ይገባሃል፤ አንተ ደግሞ ከእሷ የምትለይበትን ነገር ታያለህ። ስትመረቅ ዜሮ ዓመት አትሆንም።

አስተያየቴ ግልጽ እንዲሆን፦ ሂድ። ግን እንደ ማንኛውም ተመዳቢ አይደለም የምትሄደው። አስቀድመህ፣ ከመሄድህ በፊት ጊዜ ካለህ፣ በማቀዝቀዣና ኤር ኮንዲሽነር ጥገና የብቃት ምዘናውን ተፈተን። የብቃት ምዘናው ሙያውን የት ተማርከው ብሎ ሳይሆን ትችለዋለህ ወይ ብሎ ነው የሚፈትነው፤ በሱቅ ውስጥ የተማረም ሰው ተመዝግቦ መፈተን ይችላል። ያቺ የምስክር ወረቀት ዩኒቨርሲቲው ባይሳካልህ እንኳ ባዶ እጅህን አታስቀርህም። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ስለሆነ ዲፓርትመንት የሚሰጥህ በዚያ ዓመት ውጤትህ ነው። ሜካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል ከደረሰህ ቀጥል። ከሙያህ ጋር ምንም የማይገናኝ፣ አንተም ያልመረጥከው ትምህርት ከደረሰህ ግን ሚስማሩን ለመሙላት ብቻ ብለህ አምስት ዓመት አትቀመጥ፤ በደንቡ መሠረት ፎርም ሞልተህ ዊዝድሮው አድርግና (ትምህርቱን በሥርዓቱ አቋርጠህ ውጣና) ተመልሰህ በአዲስ አበባ ከሚገኙት ፖሊ ቴክኒኮች በአንዱ ደረጃህን አሳድግ። ሜክሲኮ አጠገብ ያለው ተግባረ እድ ለአንተ ሰፈር በእግር የሚደረስ ነው፤ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና 70 በመቶው በተግባር እንዲሆን የተወሰነ ስለሆነም ሥራህን ሙሉ በሙሉ አያስጥልህም። ሦስተኛ፣ ክረምት ክረምት አጎትህ ቤት ተመለስ። ግቢ ስትገባ እጅ የሚባለው ነገር ቶሎ ይረሳል፤ ቲዎሪውን ያለ ኮምፕሬሰር የተማሩ ጓደኞችህ ሲመረቁ የሚቸገሩትም በዚህ ነው።

ስለ እህትህ አልጠየቅኸኝም፤ ቢሆንም ልለፈው አልፈለግሁም። ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው የሚመረቅባቸው ትምህርቶች ናቸው፤ ዲግሪው ብቻውን ከሌላው ተመራቂ አይለያትም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የሚሰጠው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት፣ በነፃ የሚወሰድ ነው፤ የዳታ ሳይንሱን ትውሰደው። የምስክር ወረቀቱ ዲግሪን አይተካም፤ የሱቁን የቀን ሽያጭ በደብተር ከመጻፍ ወጥታ በኮምፒዩተር መተንተን ከጀመረች ግን ሱቁ ውስጥ ያሳለፈችው ሦስት ዓመት «የሽያጭና የክምችት ክትትል» ተብሎ በማመልከቻ ላይ የሚጻፍ የሥራ ልምድ ይሆናል። የዘመድ ሱቅም ደብዳቤ መጻፍ ይችላል፤ የንግድ ፈቃድና ማኅተም ካለው።

ጥያቄ

«ካዛንቺስ ሲፈርስ ተነሥተን አሁን ከመሀል ከተማ ራቅ ብለን የምንኖር ቤተሰብ ነን። ሴት ልጄ በማኅበራዊ ሳይንስ ተፈትና ከ600 271 አመጣች። አንድ የግል ኮሌጅ ስንጠይቅ ‹ችግር የለም፣ ውጤቱን እኛ እናስተካክላለን፣ ዘንድሮውኑ አካውንቲንግ በዲግሪ ትጀምራለች፤ ብቻ የመመዝገቢያውንና የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ክፍያ በአንድ ላይ ክፈሉ› አሉን። የካሳውን ገንዘብ ለልጄ ትምህርት ላውለው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?» — ወ/ሮ መ. ዘ.

መልስ

ወይዘሮ መ.፣ እባክዎ ገንዘቡን አይክፈሉ፤ ቢያንስ ይህን ዓምድ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ።

በፈተናው 50 በመቶ፣ ማለትም ከ600 300 ማምጣት ወደ ዲግሪ በቀጥታ የሚያስገባ ነጥብ ነው። ልጅዎ 29 ነጥብ ጎድሏታል። ይህ እሷን ሰነፍ አያሰኛትም፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ግማሹን የሚያመጣው ተማሪ ቁጥር በጣም ትንሽ ነው። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ልጅዎ ያመጣችው 45 በመቶ በዚህ ሚዛን ሲታይ የሚናቅ ውጤት አይደለም። ግን «እናስተካክላለን» የሚባል ነገር የለም። የመግቢያ መስፈርቱን ሳያሟላ የተመዘገበ ተማሪ አራት ዓመት ከፍሎ፣ ተምሮና ጋውን ለብሶ ከወጣ በኋላ ማስረጃው ለማረጋገጫ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲላክ ተቀባይነት ያጣል። ያን ጊዜ ኮሌጁ ተጠያቂ ነው ቢባል እንኳ አራቱን ዓመት የሚመልስልዎ የለም።

ከዚያ በፊት ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የተማረ ሰው ዲግሪውን የሚያገኘው ይህን ፈተና በ50 በመቶና ከዚያ በላይ ሲያልፍ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት መደበኛ ተፈታኞች ያለፉት 62 በመቶ ገደማ ሲሆኑ ከግል ተቋማት ግን 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሁሉም የግል ኮሌጅ አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ በሚገባ የሚያስተምሩ አሉ። ኮሌጅ ሲመርጡ ግን የሕንፃውን መስታወትና የበር ላይ ባነሩን ትተው «ባለፈው ዓመት ከዚህ ዲፓርትመንት ስንት ተማሪ አስፈተናችሁ፣ ስንቱ አለፈ?» ብለው ይጠይቁ። በጽሑፍ የማይመልስ ኮሌጅ መልሱን ነግሮዎታል።

ሌላው መጠየቅ ያለበት የእውቅና ፈቃድ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አንድ ተቋም በአንዱ ካምፓሱ ለአካውንቲንግ ፈቃድ ኖሮት በሌላው ካምፓሱ ላይኖረው ይችላል፤ በመደበኛ ኖሮት በርቀት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ፎቶ አንሥተው የካምፓሱን ስም፣ የመስኩንና የሚያበቃበትን ቀን ካዩ በኋላ ባለሥልጣኑ ዘንድ ቀርበው ያረጋግጡ። ግማሽ ቀን ይወስድብዎታል፤ የካሳ ገንዘብ ሁለተኛ አይመጣም።

ታዲያ ልጅቷ ምን ታድርግ? ሁለት ሕጋዊ መንገዶች አሏት። አንደኛው ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ፕሮግራም ነው። ከ50 በመቶ በታች ላመጡ ተማሪዎች የመቁረጫ ነጥቡን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ይወስናል፤ ለሴቶችና ለወንዶች፣ ለተፈጥሮና ለማኅበራዊ የሚለያይ ሆኖ ስለሚወጣ የዘንድሮውን ይመልከቱ። 45 በመቶ ላመጣች ተማሪ መጀመሪያ የምሞክረው ይህንን ነው። ሁለተኛው የቴክኒክና ሙያ መንገድ ነው፦ በሒሳብ ሥራ ደረጃ በደረጃ ሠልጥና ሲኦሲዋን ይዛ ሥራ ትጀምራለች። ብዙ እናቶች ይህን እንደ ውድቀት ያዩታል፤ እኔ አላየውም። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር መሥራት የሚችል፣ የወር ግብር ማሳወቂያ ቅጽ ሞልቶ በጊዜው የሚያስገባ፣ ደረሰኝ ከደረሰኝ የሚያመሳክር ልጅ በመርካቶ ይፈለጋል፤ ነጋዴው የሚጠይቃት ዲግሪ አለሽ ወይ ብሎ ሳይሆን ከገቢዎች ጋር ታጣዪኛለሽ ወይስ ታስማሚኛለሽ ብሎ ነው። ከደረጃ ወደ ዲግሪ ለማደግ የሚጠየቀው መስፈርት ስለሚለዋወጥ ግን፣ ወደፊት የማታ ዲግሪ ካሰበች ከመመዝገቧ በፊት በወቅቱ የሚሠራበትን መመሪያ ከባለሥልጣኑ ትጠይቅ።

ልጅዎ የምትመኘው ነርስነት፣ ፋርማሲ ወይም ጥብቅና ቢሆን ኖሮ መልሴ ጠንከር ያለ ይሆን ነበር፤ በእነዚህ ሙያዎች ያለ ትምህርት ማስረጃ የሙያ ፈቃድ ስለሌለና ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ስለሆነ አቋራጭ መንገድ የለም። ሒሳብ ሥራ ግን ከታች ተነሥቶ የሚያድጉበት ሥራ ነው። የካሳውን ገንዘብ ግማሹን እንኳ ባንክ ያስቀምጡላት።

ጥያቄ

«በ2016 ዓ.ም. ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ስታዲየም አካባቢ ካፌ ውስጥ ካሸር ሆኜ እየሠራሁ ነው። ወንድሜ ከውጭ የማስተርስ ልክፈልልሽ እያለኝ ነው። የኮንትራክተር ቢሮ ስዞር ልምድ ይሉኛል። አንድ ፎርማን ሳይት ላይ እንድረዳው ጠይቆኝ ነበር፤ ያልተማረ ሰው ሊያዝዘኝ ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ማስተርሱ ይሻለኛል?» — ሰ. ገ.

መልስ

እህቴ ሰ.፣ ማስተርሱ አይሻልሽም፤ ቢያንስ አሁን አይሻልሽም። ሲቪል ኢንጂነር የበዛው የአንቺ ጥፋት አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚቀበሏቸው ተማሪዎች 70 በመቶውን በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ እንዲመድቡ ተደርጎ ስለነበር በየጊቢው የኢንጂነሪንግ ክፍሎች ሞልተው ኖሩ። ገበያው አሁን የሚያጣው ዲግሪ ያለውን ሰው ሳይሆን ሳይት ላይ አምኖ የሚያቆመውን ሰው ነው። በዜሮ ዓመት ላይ ማስተርስ ስትደርቢ ቀጣሪው «ከፍ ያለ ደመወዝ የምትጠይቅ ዜሮ ዓመት» አድርጎ ነው የሚያይሽ።

ፎርማኑን እምቢ ማለትሽ በጣም አሳዝኖኛል፤ አንቺን ለመውቀስ ሳይሆን ያን የመማሪያ ዕድል ስላጣሽው ነው። ፎርማን የሚያውቀውን የትኛውም መምህር አልነገረሽም፦ ፌሮው በማሰሪያ ሽቦ እንዴት ታስሮ እንደቆመ ሲያይ ኮንክሪቱን አስቁሞ የሚጮኸው ለምን እንደሆነ፣ አሸዋው ውስጥ አፈር መኖሩን በመዳፉ አሽቶ እንዴት እንደሚያውቅ፣ ቀን ሠራተኛው ሲደክመው ውኃ አብዝቶ እንደሚያቦካና ያ ውኃ በኮለኑ (በምሰሶው) ላይ ምን እንደሚያደርግ። አንቺ ደግሞ እሱ የሌለው አለሽ፤ ፕላን ታነቢያለሽ፣ ቴክ ኦፍ (ከፕላን ላይ የሥራና የዕቃ መጠን ማስላት) ትሠሪያለሽ፣ የክፍያ ሰርተፍኬት ማዘጋጀት ትችያለሽ። አነስተኛ ኮንትራክተሮች ዘንድ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ መሀል ነው፤ የተሠራው ሥራ በትክክል ተለክቶ ስላልተጻፈ ክፍያው ይዘገያል ወይም ይጎድላል።

ስለዚህ ፎርማኑን ፈልጊው። ቁጥሩ ስልክሽ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ ደውይለትና ሳይቱ ገና ከሆነ ቅዳሜና እሑድ ልምጣ በይው፤ የካፌውን ሥራ ወዲያው አትልቀቂ። ጋሼ በይው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አትከራከሪው። የሜትር ቴፕና ደብተር ይዘሽ በየቀኑ የተሠራውን ለክተሽ፣ የገባውን ብረትና ሲሚንቶ ቆጥረሽ ጻፊ። ወንድምሽ ለማስተርስ ሊልክልሽ ካሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ደግሞ ኦቶካድና የስትራክቸር ሶፍትዌር የሚሸከም ላፕቶፕ ይግዛልሽ። ሁለት ወር ሲሞላሽ ደብተሩን ኤክሴል ላይ አስገብተሽ፣ ፎርማኑን «ኮንትራክተሩ ጋ አብረን እንግባ» በይው፤ ወደ ቢሮው የምትገቢው ግን ሲቪሽን አስቀድመሽ ሳይሆን የእነሱን ሳይት የልኬት መዝገብ ይዘሽ ይሁን።